ከቃሊቲ እስከ ዚመርማን፦ የናይሮቢ ልምምዴና የበጀቱ ማስታወሻ

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ የሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ለሦስት ወር የተግባር ልምምድ እንደተቀበለኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ባለመስመር ደብተር ገዝቼ በጀት ማውጣት ነበር። ለቤት ኪራይ 8 ሺህ ሽልንግ፣ ለምግብ 6 ሺህ፣ ለትራንስፖርት 2,500 መደብሁ። ተቋሙ በወር 15 ሺህ ሽልንግ አበል እንደሚሰጠኝ ስለተጻፈልኝ የሚጎድለው ጥቂት መሰለኝ። የምንዛሪውን ስሌት የሠራሁት ባንክ ቤት በተለጠፈው ዋጋ ሲሆን፣ ያን ጊዜ አንድ ዶላር 57 ብር ተኩል ያህል፣ በናይሮቢ ደግሞ ወደ 129 ሽልንግ ስለነበረ፣ በደብተሬ ላይ አንድ ሽልንግ 45 ሳንቲም ሆኖ ተመዘገበ።

የገንዘቤ ምንጭ ሁለት ነበር። እናቴ የእቁቡን ዳኛ ለምና ተራዋን አስቀድማ 30 ሺህ ብር አወጣችልኝ፤ ዱባይ የምትሠራው አክስቴ ደግሞ 300 ዶላር ልታበድረኝ ተስማማች። ብድሩን የምመልሰው በብር፣ ነገር ግን በምከፍልበት ዕለት በሚኖረው የባንክ ዋጋ ነበር። ስለዚህ ከእቁቡ 17,250 ብር ለይቼ ለብድሩ መክፈያ በእናቴ ሒሳብ አስቀመጥሁ፤ ዕዳው ከመጀመሩ በፊት የተዘጋ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። ከቀረው ላይ ጫማና ሹራብ ገዛሁ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ የሆነውን ቢጫ ካርድም አወጣሁ። ኢትዮጵያውያን ኬንያ ለመግባት ቪዛ ባያስፈልገንም ለልምምድ የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል፤ እርሱን ተቋሙ አስቀድሞ ጨርሶልኝ ነበር። በአውሮፕላን መሄድ አቅሜ ስላልፈቀደ በሞያሌ በኩል ለመጓዝ ወሰንሁ።

ሐምሌ 3፣ ያቤሎ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስን። እናቴ አራት ኪሎ ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ኪሎ በርበሬና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ አስይዛኝ ነበር፤ ወንድሜ ሻንጣውን አውቶቡሱ ላይ ሲያወጣ ትከሻው ጎበጠ። ሸክሙ በዝቶብኝ ግማሹን ልተወው ብዬ ተከራክሬያት እንደነበር ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል፤ በነሐሴ ወር ያኖረኝ ያ ስንቅ ነውና።

እስከ ያቤሎ ያለው ትኬት 1,250 ብር ነበር። ዲላ ላይ ቁርስ በላን፤ ይርጋጨፌ ሾፌሩ ጎማ ሲያይ ወርጄ አንድ ኪሎ ቡና በ420 ብር ገዛሁ። ናይሮቢ ለሚቀበሉኝ ሰው ባዶ እጄን መግባት አልፈለግሁም። ከሀገረ ማርያም በኋላ የእንሰቱ አረንጓዴ ቀርቶ መሬቱ ይቀላል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ የቆሙ ኩይሳዎች ይበዛሉ።

ያቤሎ የደረስነው ሲመሻሽ ነው። አልጋ በ500 ብር፣ ውኃ በጀሪካን፣ የጾም በያይነቱ በ130 ብር። የሰኔ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ማታ በሻማ ደብተሬን ገልጬ የቀኑን ወጪ ስጽፍ ካሰብሁት በ200 ብር ያነሰ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሐምሌ 4፣ ሞያሌ

ሞያሌ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ደረስን። ሁለቱ ሀገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የድንበር ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ስለጀመረ የመውጫና የመግቢያ ማኅተም የሚመታው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፓስፖርቴን፣ ቢጫ ካርዴንና የተቋሙን ደብዳቤ አሳየሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም። ከጣቢያው ወጥቼ መንገድ ስሻገር ግን አንድ ሞተር ብስክሌት ባልጠበቅሁት አቅጣጫ መጥቶ ሊገጨኝ ጥቂት ቀረው፤ ኬንያ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑን ባውቅም አንገቴ ገና አልለመደውም ነበር።

የበጀቴ የመጀመሪያ ስብራት የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ለመንገድ የያዝሁት 6 ሺህ ብር በደብተሬ ስሌት ከ13 ሺህ ሽልንግ በላይ ያወጣል። ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠው መንዛሪ ብሩን በአውራ ጣቱ እያገላበጠ ሁለት ጊዜ ቆጠረና 6,500 ሽልንግ ዘረጋልኝ። የተሳሳተ መስሎኝ ቆጠራውን እንዲደግም ጠየቅሁት። እርሱም በጥሩ አማርኛ፣ «እህቴ፣ አንቺ የምትዪው የባንክ ዋጋ ነው፤ በዚያ ዋጋ ሽልንግ የሚሸጥልሽ ባንክ ካለ እኔም አብሬሽ ልሰለፍ» አለኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎችን ጠይቄ ተመሳሳይ መልስ ሳገኝ ተቀበልሁ። በሰሌዳ ላይ የተጻፈው የምንዛሪ ዋጋ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያ ዋጋ መግዛት የማልችል ከሆነ በበጀት ደብተር ላይ መግባት አልነበረበትም። በኢትዮጵያ በኩል ያሉ ባንኮች አዲስ አበባ ሳለሁ ወረፋ ጠብቂ ሲሉኝ ይህን ልገነዘብ ይገባኝ ነበር።

በኬንያው ሞያሌ አልጋ በ700 ሽልንግ ያዝሁ። በምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን ዙሪያ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሩቶ በዚያው ዕለት ከሞላ ጎደል ሙሉ ካቢኔያቸውን ማሰናበታቸው ይነገር ነበር። በሰኔ ወር ወጣቶች አዲሱን የግብር ረቂቅ ተቃውመው አደባባይ ከወጡና ሰኔ 18 ቀን ፓርላማው ግቢ ከገቡ በኋላ፣ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን አልፈርምም ብለው ነበር። ከረቂቁ ውስጥ ሰዉን ካስቆጡት አንዱ በዳቦ ላይ ሊጣል የነበረው ታክስ መሆኑን ጎኔ የተቀመጠው የቦረና ሽማግሌ በአማርኛና በኦሮምኛ እያፈራረቁ አስረዱኝ። እኔ የምሄድበት ከተማ ሰው ስለ ዳቦ ዋጋ ሕይወቱን እየሰጠ ሳለ የምግብ በጀቴን አዲስ አበባ ተቀምጬ በግምት መጻፌን አሰብሁ።

ሐምሌ 5፣ ከሞያሌ እስከ ላይሳሚስ

የናይሮቢውን ትኬት በ2,500 ሽልንግ የቆረጥሁት ማታውኑ ነበር። ትኬቱ ላይ «2:00» ተብሎ ስለተጻፈ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ብዬ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከነሻንጣዬ ቆምሁ። አውቶቡሱ የሚነሣው ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፤ ትኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ትኬት ቆራጩ በአፉ «ሳ ናኔ» ብሎኝ እንደነበርና ትርጉሙም ስምንት ሰዓት መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነውና ጆሮዬን ብሰጠው ኖሮ አይኔ ባላሳሳተኝ። ሻንጣውን ትቼ መሄድ ስላልቻልሁ ስድስት ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ፣ አንድ ጊዜ ሩዝ በቦሎቄ በላሁ። የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ዓርብ ስለዋለ መፍሰኪያው ወደ ቅዳሜ ተሻግሮ ነበር።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጥሩ አስፋልት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በጠጠርና በአቧራ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ እንደነበር አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ነገረችኝ። ግመሎች፣ ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ሜዳ፣ ከዚያም ፀሐይ ስትጠልቅ በድንገት በጉም የተሸፈነው የማርሳቢት ተራራ። ኬላ ግን ይበዛል፤ በየኬላው ወርደን መታወቂያና ፓስፖርት አሳየን። ከማርሳቢት ወዲያ ላይሳሚስ አካባቢ የኋላ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም አየር አልነበረውም። ሌላ መኪና ጎማ እስኪያመጣ ድረስ ከሦስት ሰዓት በላይ በጨለማ ቆየን። ሕፃን የያዙ እናቶች ነበሩ፤ ዳቦ ቆሎዬን ለልጆቹ አካፈልሁ። የነጋዴዋ ልጅ ከእጄ ላይ አንድ አንድ እያነሣች ቆጥራ ስትበላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሐምሌ 6፣ ኢስሊ

ናኒዩኪ ላይ የምድር ወገብን የሚያመለክተውን ሰሌዳ በእንቅልፍ አለፍሁት። ናይሮቢ የገባነው ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ የሞያሌ አውቶቡሶች የሚያርፉት እኛ ኢስሊ በምንለው ሰፈር ነው። ሱማሌው፣ ቦረናው፣ አበሻው፣ ኪኩዩው አብሮ ይነግድበታል፤ ከመኪና ወርጄ ሃያ ሜትር ሳልሄድ የተቆላ ቡና ሸተተኝ።

የተቀበሉኝ የጎረቤታችን ዘመድ የሆኑ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ የኖሩና እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት ናቸው። እማማ እያልሁ እጠራቸው ጀመር። ቡናውን ተቀብለው አሸተቱና «ይርጋጨፌ» አሉ፤ ከዚያ እንቁላል ፍርፍር አቀረቡልኝና ጾሙን በእርሳቸው ቤት ፈታሁ። የያዝሁትን ደብተር ሳሳያቸው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አነበቡት። «ልጄ፣ ይህ የሦስተኛው ወር ሒሳብ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የት አለ?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ በማግሥቱ ነው።

ያን ዕለት ከእርሳቸው ልጅ ጋር ሄጄ በፓስፖርቴ ሲም ካርድ አስመዘገብሁ፤ ለሲሙና ለጥቅሉ 600 ሽልንግ ከፈልሁ። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ጎመን የሚሸጡ እናት ሳይቀሩ የመክፈያ ቁጥራቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው ይሰቅላሉ። ቴሌብር ለለመደ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ገንዘብ በላክሁና ባወጣሁ ቁጥር የምትቆረጠውን ክፍያ በበጀቴ ውስጥ አላስገባኋትም ነበር፤ በሦስት ወር ስትደመር የአንድ ሳምንት ምግብ ትሆናለች። የአክስቴም 300 ዶላር የተላከልኝ በዚያው ዕለት፣ በቀጥታ ወደ ናይሮቢ ነው። አዲስ አበባ ቢላክ ኖሮ በብር ተከፍሎኝ እንደገና ሞያሌ ላይ ባለቀ ነበር። 38,100 ሽልንግ እጄ ገባ።

ሐምሌ 7፣ ዚመርማን

ተቋሙ ያለው በቲካ መንገድ አቅጣጫ ስለሆነ ቤት የፈለግሁት ሮይሳምቡ አጠገብ ባለው ዚመርማን በሚባል ሰፈር ነው። ፎቆቹ ተጠጋግተው የቆሙ፣ በረንዳዎቹ ልብስ የተሰጣባቸው፣ ከሥራቸው ሱቅና ጸጉር ቤት የተደረደሩባቸው ናቸው። እኔ ስፈልግ ደላላ አልገጠመኝም። «የሚከራይ ቤት» የሚል ሰሌዳ ከበሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ኬርቴከር የሚሉት የሕንፃው ጠባቂ ቁልፍ ይዞ ያሳይሻል፤ እኔን ኮሚሽን የጠየቀኝ አልነበረም። አዲስ አበባ አንድ ክፍል ለመከራየት ለደላላ ስንከፍል ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ እረፍት ነው። አምስት ቤት አይቼ በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ መጸዳጃና የዕቃ ማጠቢያ ያለው አንድ ክፍል በ8,500 ሽልንግ መረጥሁ።

ከዚያ ኬርቴከሩ ወረቀት አውጥቶ ጻፈልኝ፦ የወሩ ኪራይ 8,500፣ ማስያዣ 8,500፣ የውኃ ማስያዣ 1,000። ቁልፉ የሚሰጠኝ 18 ሺህ ሽልንግ ሲገባ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከአምፖል በቀር ምንም አልነበረም። ፍራሽ በ3 ሺህ፣ ሰፈሩን ከሚለቅ ተማሪ ያገለገለ ባለ 6 ኪሎ የጋዝ ሲሊንደር ከምድጃው ጋር በ2,500፣ ብርድ ልብስ በ950፣ ድስትና ሳህን በ1,100። የናይሮቢ ሐምሌ እንደኛ ክረምት ብርዳም ነው፤ ሆኖም ዝናቡ የለም፤ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ አመድ ለብሶ ይውላል፣ ሲሚንቶው ወለል ደግሞ ቅዝቃዜውን ያጠራቅማል። ያለ ብርድ ልብስ እችላለሁ ብዬ የተኛሁት የመጀመሪያው ሌሊት አንድ ቀን ብቻ በቂ ነበር።

ማታ ደብተሬን ስገልጥ ከሞያሌ ጀምሮ ያወጣሁት 30 ሺህ ሽልንግ አልፎ ነበር። ለሦስት ወር ከያዝሁት ገንዘብ ከግማሽ የበለጠው ሥራ ከመጀመሬ በፊት አለቀ። እማማ የጠየቁኝ ይህን ነበር። እኔ ወጪውን በሦስት እኩል ወር ከፍዬው ሳለ፣ ወጪው ግን በአራት ቀን ውስጥ ተሰብስቦ መጣ።

ሐምሌ 8 እና 9፣ ሥራ

ሥራው ደስ የሚል ነበር። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ እኛ ከገበሬዎች ጎተራ የመጣውን ናሙና እየፈጨን መጠኑን እንለካ ነበር። ሀገሩ በሙሉ ከሚበላው የበቆሎ ገንፎ ከኡጋሊ ጋር የተያያዘ ሥራ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ወደድሁት።

የገንዘብ ክፍሏ ሠራተኛ በትሕትና ሁለት ነገር ነገረችኝ። የወሩ የክፍያ ዝርዝር እኔ ከመግባቴ በፊት ስለተዘጋ የመጀመሪያ አበሌ የሚደርሰኝ በነሐሴ 24 ነው። የጤና መድኑም በወር 3 ሺህ ሽልንግ ከአበሌ ይቆረጣል። ደብዳቤዬን አውጥቼ እንደገና አነበብሁት፤ የተጻፈው «ተቋሙ የጤና መድን ያመቻቻል» እንጂ «ይከፍላል» አልነበረም። ቤት ሆኜ ሳነበው ሁለቱ ቃላት አንድ መስለውኝ አልፌያቸው ነበር። ለሚሄድ ሰው ሁሉ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፦ በቅበላ ደብዳቤ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ግሥ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ክፍያ በየትኛው ቀን እንደሚገባም በጽሑፍ አስመልሱ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ተቃውሞ ነበር። በከተማው መሃል ሱቆች ተዘግተው ዋሉ፤ በኛ መንገድም ማታቱዎቹ ጥቂት ነበሩ። ማታቱ ማለት የኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ልዩነቱ ዋጋው የተወሰነ አለመሆኑ ነው። ዝናብ ሲዘንብ፣ ሰው ሲበዛ፣ ብጥብጥ ሲሰማ ይወጣል። ጠዋት በ50 ሽልንግ የመጣሁበትን መንገድ ማታ ረዳቱ 150 አለኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ክንዴን ይዛ «እንሂድ፣ በእግር» አለችኝ፤ በእግረኛ መንገዱ ከብዙ ሰው ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ ተጉዘን ቤት ደረስን። ከዚያን ቀን ወዲያ ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድ እንደምችል አወቅሁ።

ከሐምሌ 10 እስከ ነሐሴ 24፣ አርባ አራቱ ቀናት

በእጄ የቀረው 12,800 ሽልንግ ነበር። የሁለተኛው ወር ኪራይ እስከ ሐምሌ 29 መከፈል አለበት፤ ከከፈልሁ ለአርባ አራት ቀን የሚቀረኝ በቀን መቶ ሽልንግ እንኳን አይሞላም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ በመጨረሻ ኬርቴከሩን ሄጄ እውነቱን ነገርሁት። ደብዳቤዬንም አሳየሁት። እርሱ በዕድሜ የገፋ፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ኮት የሚለብስ ሰው ነው። ባለቤቱን ስልክ ደውሎ አነጋገረና፣ ግማሹን በጊዜው፣ ግማሹን አበሌ ሲገባ እንድከፍል ተፈቀደልኝ። «አንቺ ቀኑ ሳይደርስ ስለነገርሽኝ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን እኔም መርዳት አልችልም» አለኝ። ኪራዩ ግማሽ ሲሆንና የጋዝ መሙያ 1,200 ሲቀነስ በቀን ወደ 165 ሽልንግ ደረሰኝ።

በዚህ ገንዘብ እንዴት እንደተኖረ ልጻፍ። ጠዋት በሶ በስኳር። ምሳ ከተቋሙ አጥር ውጪ ካለች ኪባንዳ፣ ማለትም በቆርቆሮ ከተሠራች ምግብ ቤት፣ ጊዘሪ የሚባለው የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ በ70 ሽልንግ። ማታ ሽሮ፤ እንጀራ ከኢስሊ እማማ ሲልኩልኝ በእንጀራ፣ ሳይልኩልኝ በኡጋሊ። በተረፈ ሱኩማ ዊኪ አለ። ይህ ጎመን ነው፤ ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፊው» ማለት ሲሆን፣ ደመወዝ እስኪደርስ ቤተሰብ የሚገፋበት ምግብ ስለሆነ ነው ይላሉ። አንድ እስር ጎመን በ20 ሽልንግ ገዝቼ፣ ሻጯ እናት እንደ ፀጉር በቀጭኑ ከትፋ በላስቲክ ስትሰጠኝ፣ በሽንኩርትና በጥቂት በርበሬ አበስለዋለሁ። በነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ወጪዬ ይብሱን ቀነሰ፤ ጾመኛ ሆኖ ናይሮቢ መኖር እንደማይከብድ ያየሁት ያኔ ነው። ቦሎቄው፣ ጎመኑ፣ አቮካዶው በየደጁ ነው።

ሐምሌ 22 ሰኞ ማታ ወንድሜ ደወለልኝ። የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቆ፣ በአንድ ቀን ዶላር ከ57 ወደ 74 ብር ወጥቷል አለኝ። መጀመሪያ የታየኝ ዕዳዬ ነው። ብድሬ በዶላር፣ ለመክፈያ ያስቀመጥሁት በብር ነበር፤ ያ ተዘግቷል ያልሁት ሒሳብ ዓይኔ እያየ ተከፈተ። ሌሊቱን ሳሰላ አድሬ ጠዋት ለእናቴ ደወልሁና 17,250 ብሩን በሙሉ፣ ዛሬ ነገ ሳትል፣ በአክስቴ ሒሳብ እንድታስገባ ለመንኋት። እናቴ «ነገሩ ሲረጋጋ ይወርድ ይሆናል» ብላ ብታመነታም በዚያው ሳምንት አስገባችው። አክስቴ ወደ 225 ዶላር ቆጥራ ተቀበለችን። በነሐሴ አጋማሽ ዶላሩ መቶ ብር አልፎ ስለነበር፣ ብንጠብቅ ኖሮ ያው ገንዘብ 170 ዶላርም አይሞላም ነበር። ሞያሌ ላይ መንዛሪው በእጁ ያሳየኝን ነገር ባንኩም በሰሌዳው ላይ የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ነሐሴ 24 አበሌ ገባ። የአንድ ወር ተኩል ሆኖ፣ የሁለት ወር መድን ተቀንሶ፣ 16,500 ሽልንግ። የኪራዩን ቀሪ ግማሽ ለኬርቴከሩ ስሰጠው ደረሰኙን ቆሞ ጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀላል ስለነበረ ብዙ የሚጻፍ የለውም፤ የኪራይና የምግብ በጀቴ ከዚህ ወዲያ ደብተሬ ላይ ካለው ብዙም አልራቀም። የመስከረም 1 ዕለት የሥራ ቀን፣ ደግሞም የጾም ረቡዕ ነበር፤ ዶሮውን የበላነው በማግሥቱ ምሽት እማማ ቤት ነው።

ከመስከረም 24 እስከ 27፣ መመለስ

ቤቱን ስለቅ ባለቤቱ ለቀለም 1,500 ሽልንግ ቆርጦ 7 ሺህ መለሰልኝ። ወደ ቤቱ ስገባ ግድግዳውን በስልኬ ፎቶ ባላነሣው ኖሮ የቀድሞው ተከራይ ምስማር የነደለውም በእኔ ላይ ይታሰብ ነበር፤ ፎቶውን አይተው ተዉት። ከዚህ ገንዘብና ካጠራቀምሁት ላይ ለአክስቴ የቀረውን 75 ዶላር ላክሁ። በድምፅ መልእክት «አሁን ነፃ ነሽ» አለችኝ።

ፍራሹን፣ ጋዙንና ድስቱን የወሰደችው ከኪሱሙ የመጣች አዲስ ተለማማጅ ናት። እርሷም የወሩ ዝርዝር ከተዘጋ በኋላ ነበር የገባችው። በ4 ሺህ ሽልንግ ተስማማንና 2 ሺህ ሰጠችኝ፤ የቀረውን ከቤተሰቧ ሲላክላት በሁለት ጊዜ በኤምፔሳ እንድትልክልኝ ነገርኋት። ከሽሮዬ ሁለት ብርጭቆ ያህል ቀርቶ ነበር፤ አሠራሩን አሳይቻት እርሱንም ተውሁላት።

መስከረም 27 ጠዋት ሞያሌ ድንበር ጣቢያ ተሰልፌ ሳለ፣ በኢትዮጵያው በኩልም የኬንያው የስልክ ኔትወርክ ይደርሳልና፣ የስልኬ መልእክት ጮኸ። የመጨረሻው 1,000 ሽልንግ ነበር። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ያው መንዛሪ ተቀምጧል። ሽልንጉን ወደ ብር ለወጥሁና እስከ ያቤሎ ያለውን ትኬት ቆረጥሁ።